ፈቃድ የሌለው መረብ፣ መለኪያ የሌለው ፈቃድ

ከአርባ ምንጭ ከተማ የሴቻ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ሁለት ሐይቆች ይታያሉ። በሰሜን በኩል ቀላ ብሎ የሚታየው አባያ፣ በደቡብ በኩል ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ጫሞ ነው። በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የተባለው ቀጭን ኮረብታማ መሬት ተዘርግቷል። የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክም በ1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1974) ሲቋቋም ይህን ድልድይ፣ ከባሻገሩ ያለውን የሣር ሜዳና የሁለቱን ሐይቆች ከፊል ውኃ ይዞ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት እንዲኖረው ሆኖ ተከለለ። ጎብኚው ይህን ሲያይ ውበትን ያያል። ዓሣ አስጋሪው ደግሞ የልጆቹን እራት ያያል። የፓርኩ ጥበቃ ሠራተኛ ሊያስከብረው የሚገባውን ወሰን ያያል። ሁሉም የሚያዩት አንድ ውኃ ነው፤ አለመግባባቱም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልናነሣ የፈለግነው ጉዳይ የዓሣ ማስገር ፈቃድ ነው። «የፊዚክስ መምህራን ስለ ዓሣ ምን አገባቸው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እንገምታለን። መልሳችን አጭር ነው። የዓሣው ባሕርይ የሥነ ሕይወት ባለሙያዎች ሙያ ነው፤ ፈቃዱ የሕግ ባለሙያዎች ሙያ ነው። ይሁን እንጂ በሁለቱ መካከል ያለው ጥያቄ፣ ማለትም ምን ያህል፣ በምን መጠን፣ በምን ፍጥነት የሚለው፣ የልኬት ጥያቄ ነው። የእኛም አቋም ይህ ነው፦ የማስገር ፈቃድ የክፍያ ደረሰኝ ብቻ ሆኖ ከቀረ ጥቅሙ እምብዛም ነው፤ የመለኪያ መሣሪያ ከሆነ ግን ሐይቁንም አስጋሪውንም ሊያድን ይችላል።

ሕጉ ምን አለ?

አገራችን ስለ ዓሣ ሀብት ሕግ አልነበራትም ማለት አይቻልም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመታት በላይ አልፎታል። አዋጁ ለንግድ የሚያሰግር ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ፣ በመርዝና በፈንጂ ማስገር እንዲከለከል፣ ተቆጣጣሪዎች እንዲመደቡ ደንግጓል፤ ክልሎችም በየውኃቸው የሚሠራ ዝርዝር ሕግ እንዲያወጡ በር ከፍቷል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 በበኩሉ ብሔራዊ ፓርኮች እንዴት እንደሚጠበቁ ወስኗል።

ችግሩ ሐይቁ አንድ ሲሆን ባለቤቱ ብዙ መሆኑ ነው። በፓርኩ ክልል ውስጥ ያለው ውኃ በፌዴራል ተቋም ይጠበቃል። ከዚያ ውጭ ያለው ውኃ የክልል ጉዳይ ነው። ክልሉም ራሱ ተለውጧል፤ የቀድሞው የደቡብ ብሔሮች ክልል ተከፋፍሎ ጋሞ ዞን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ይገኛል። አባያን ብንወስድ ዳርቻው ኦሮሚያንና ሲዳማንም ይነካል። ዓሣው ግን ወሰን አያውቅም። በማለዳ በፓርኩ ውኃ ውስጥ የነበረ ናይል ፐርች በምሽት ሌላ ወረዳ ፊት ለፊት ሊገኝ ይችላል። ውኃ ላይ አጥር አይታጠርምና አንዱ አካል የሰጠው ፈቃድ በሌላው አካል ካልተቆጠረ፣ ሁሉም በየድርሻው ሕግ አክብሮ ሳለ ሐይቁ ሊራቆት ይችላል። ይህ የማንም ክፋት ውጤት አይደለም፤ የድምር ስህተት ነው።

መረብ ማጣሪያ ነው

ስለ ፈቃድ ከመነጋገራችን በፊት መረብ ምን እንደሚሠራ እንመልከት። በውኃ ውስጥ ተገትሮ የሚያድር መረብ ያገኘውን ሁሉ አይዝም። ከዓይኑ የቀጠነ ዓሣ ያልፋል፤ ከዓይኑ እጅግ የወፈረ ዓሣ ራሱን ማስገባት አቅቶት ይመለሳል። የሚያዘው በመካከል ያለው፣ ጭንቅላቱ ገብቶ ወገቡ የሚቀረቀረው ነው። ሬዲዮ ከብዙ ጣቢያ መካከል የተስተካከለበትን ብቻ እንደሚያሰማ ሁሉ መረብም የተስተካከለበትን የዓሣ መጠን ይመርጣል። ስለዚህ የመረብ ዓይን ስፋትን የሚወስን ደንብ በተዘዋዋሪ የትኛው ዓሣ እንደሚሞትና የትኛው እንደሚቆይ ይወስናል።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንጨምር። የዓሣ ቅርጽ ሲያድግ ብዙም ስለማይለወጥ ክብደቱ ከርዝመቱ ኩብ ጋር አብሮ ይሄዳል። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ሁለት ጊዜ ሁለት ጊዜ ሁለት፣ ማለትም ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለ ጫሞ ቆሮሶ የሥነ ሕይወት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት ግማሹ ዓሣ ለመራባት የሚደርሰው 42 ሴንቲሜትር ገደማ ሲሆን ነው ብለው ነበር። በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች ቆሮሶ ለመራባት የሚደርሰው በዚህ ርዝመት ግማሽ ገደማ ነውና የጫሞው ቆሮሶ ምን ያህል ግዙፍ እንደነበረ መገመት አያዳግትም። እንግዲህ በጠባብ መረብ 21 ሴንቲሜትር ያለውን ዓሣ ያወጣ አስጋሪ ሁለት ነገር አጥቷል። አንደኛ፣ ቢታገሥ ኖሮ ከሚያገኘው ሥጋ አንድ ስምንተኛውን ብቻ ወስዷል። ሁለተኛ፣ ዓሣው አንድ ጊዜ እንኳ ሳይራባ ከሐይቁ ወጥቷል። በሌላ አነጋገር ወለዱንም ዋናውንም በአንድ ቀን በልቶታል።

ስለ ክሩም አንድ ነገር እንበል። ከብዙ ቀጫጭን ጭረቶች የተገመደ ክር ብርሃንን በየገጹ ስለሚበትን በንጹሕ ውኃ ውስጥ ነጣ ብሎ ይታያል። አንድ ወጥ ከሆነ የፕላስቲክ ክር የተሠራ መረብ ግን የሚበትነው ብርሃን ጥቂት በመሆኑ ለዓሣው ዓይን ይሰወራል። ናይሎን በቀላሉ ስለማይበሰብስም ተበጥሶ የቀረ መረብ ጌታ በሌለበት ለረጅም ጊዜ መግደሉን ይቀጥላል። በአባያ ጥቃቅን የደለል ቅንጣቶች ውኃውን ስላደፈረሱት ዓሣው የትኛውንም መረብ ማየት ይቸግረዋል፤ በአንጻራዊነት ጥርት ባለው ጫሞ ግን የክሩ ዓይነት ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ያው ደለል ብርሃን ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ በማድረግ አልጌ እንዳያድግ ስለሚከለክል፣ አባያ በስፋቱ ጫሞን ቢበልጥም በዓሣ ምርት የታወቀው ጫሞ ነው። ከዚህ የምንረዳው ለሁለቱ ሐይቆች አንድ ዓይነት ደንብ መጻፍ ለሁለት ሕመምተኞች አንድ መድኃኒት እንደማዘዝ መሆኑን ነው።

አንድ ዓይነት ኪሎ፣ ሁለት ዓይነት ሐይቅ

ወደ ጉዳያችን እምብርት እንምጣ። በአንድ ሐይቅ ውስጥ ዓሣ ፈጽሞ ከሌለ የሚራባ የለምና ጭማሪው ዜሮ ነው። ሐይቁ እስከ አቅሙ ሞልቶ ከሆነም ምግብና ቦታ ስለሚያጥር ጭማሪው እንደገና ዜሮ ይሆናል። ከፍተኛው ጭማሪ የሚገኘው በሁለቱ መካከል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ሼፈር የተባለው ተመራማሪ ለዓሣ ሀብት ባቀረበው ቀላል ቀመር መሠረት ሐይቁ የአቅሙን ግማሽ ያህል ዓሣ በያዘ ጊዜ ነው። ቀመሩ የተፈጥሮን ውስብስብነት ሁሉ አይገልጽም፤ ዋናውን ትምህርት ግን በደንብ ያስተምራል።

ትምህርቱም የሚከተለው ነው። የጭማሪው መስመር እንደ ኮረብታ ወጥቶ የሚወርድ ስለሆነ አንድ ዓይነት የምርት መጠን በኮረብታው በሁለቱም ጎኖች ይገኛል። ለምሳሌ ያህል፣ በአንድ ሌሊት 100 መረብ ተጥሎ 1,000 ኪሎ ዓሣ ይወጣል እንበል። ከዓመታት በኋላ በዚያው ሐይቅ 400 መረብ ተጥሎ ያው 1,000 ኪሎ ወጣ እንበል። የገበያውን ሚዛን ብቻ የሚመለከት ሹም «ምርቱ አልቀነሰም» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል። በመረብ ሲካፈል ግን በመጀመሪያው ጊዜ አንዱ መረብ 10 ኪሎ፣ በሁለተኛው ጊዜ 2 ኪሎ ተኩል ብቻ ይዟል። የመጀመሪያው ሐይቅ ጤነኛ ነው፤ ሁለተኛው በሞት አፋፍ ላይ ነው። ኪሎው አንድ፣ ሐይቁ ግን ሁለት ነው።

ልዩነቱን የሚገልጠው የመረቦቹ ቁጥር ነው። የመብራት ኃይል ቆጣሪ ኪሎዋትን ብቻ ሳይሆን ኪሎዋት ሰዓትን እንደሚቆጥር ሁሉ በሐይቅም ላይ ሊቆጠር የሚገባው «መረብ ሌሊት» ነው፤ ስንት መረብ፣ ለስንት ሌሊት። ይህን ሊነግረን የሚችለው ፈቃዱ ብቻ ነው። ፈቃድ የሌለው መረብ የሚጎዳው ዓሣ ስለሚይዝ ብቻ አይደለም፤ አካፋዩን ስለሚሰውርብን ጭምር ነው። ፈቃድ ተሰጥቶት የመረቡ ቁጥርና የዓይኑ ስፋት ያልተመዘገበለትም እንዲሁ ነው። ሁለቱ በሕግ ፊት ይለያያሉ፤ በልኬት ፊት ግን እኩል ናቸው።

«ሕዝቡ ምን ይብላ?» ለሚሉ

ይህን ሁሉ ስንል አንድ ከባድ ተቃውሞ እንደሚገጥመን እናውቃለን። «ሥራ አጥቶ ወደ ሐይቁ የወረደ ወጣት በአዞ አፍ መካከል ሌሊቱን የሚያድረው ወድዶ አይደለም፤ እናንተ ደመወዝተኞች ስለ ኩብና ስለ ቀመር ትነግሩታላችሁን?» ይባላል። ተቃውሞው ሊናቅ የሚገባው አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በዚሁ በአርባ ምንጭ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ዓላማው የእያንዳንዱ ቤተሰብ ማዕድ እንዲሞላ ነው፤ ዓሣም ከዚህ ማዕድ ውጭ ሊሆን አይገባውም።

መልሳችን ግን ይህ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ሐይቁ ሲራቆት መጀመሪያ የሚራበው ይኸው ወጣት ነው። ነጋዴው ገንዘቡን ወደ ሌላ ሸቀጥ ያዞራል፤ ሆቴሉ የምግብ ዝርዝሩን ይለውጣል፤ አስጋሪው ግን ከመረቡ በስተቀር ሌላ የለውም። በጣና ሐይቅ የሆነውን እናስታውስ። ወደ ወንዞች ወጥተው የሚራቡት የቢልጫ ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 መካከል ባሉት ዐሥር ዓመታት በክብደት 75 በመቶ ገደማ መቀነሳቸውን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ዋናው ምክንያት ዓሣዎቹ ለመራባት በወንዝ አፎች ሲሰበሰቡ መረብ መጣሉ ነበር። ያንን ጊዜ ያተረፈ ቢኖር ዛሬ ባዶ መረብ የሚስበው አስጋሪ አይደለም።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ሰውን ረስቶ የሚወጣ ደንብ እንደማይዘልቅ ነጭ ሣር ራሱ አስተምሮናል። አፍሪካን ፓርክስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 የፓርኩን አስተዳደር በውል ለመረከብ ተስማምቶ ነበር። በፓርኩ ውስጥ የሚኖረው ሕዝብ ጉዳይ መፍትሔ ሳያገኝ ቀርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ለቅቆ ወጣ። ስለዚህ «ሰው ይቅደም» እና «ሐይቁ ይቅደም» የሚሉት ሁለት ወገኖች የተለያየ መንገድ የያዙ ቢመስላቸውም መድረሻቸው አንድ ባዶ ውኃ ሊሆን ይችላል።

ከሌሎች ምን እንማር?

በትምህርት ላይ በነበርንበት በጀርመን አገር አንድ ሰው ለመዝናናት በመንጠቆ ለማስገር እንኳ ስለ ዓሣ ዝርያዎችና ስለ አያያዛቸው ተፈትኖ ማለፍ ይጠበቅበታል። ከዚያም ለሚያሰግርበት ውኃ ለብቻው ፈቃድ ይወስዳል። ለየዝርያው ዝቅተኛው ርዝመትና የተከለከለው ወቅት ተወስኗል፤ በብዙ ቦታም የያዘውን ጽፎ እንዲያስረክብ ይጠየቃል። እኛን የማረከን ጥብቅነቱ ሳይሆን ፈቃዱ ወደ ሁለት አቅጣጫ መሥራቱ ነው። ከመንግሥት ወደ አስጋሪው መብት ይሄዳል፤ ከአስጋሪው ወደ መንግሥት መረጃ ይመለሳል።

ወደ ጎረቤቶቻችን ብንመለስ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ለናይል ፐርች ከ50 እስከ 85 ሴንቲሜትር የሚል ወሰን ተበጅቶለታል። ታናሹ እንዲያድግ፣ ታላቁም እናት ሆኖ እንዲቀር ታስቦ ነው። ናይል ፐርች በቪክቶሪያ ከውጭ የገባ ባዕድ ሲሆን በጫሞ ግን ተወላጅ ነውና እኛ የበለጠ ልንሳሳለት ይገባን ነበር። ዩጋንዳ ይህን ደንብ ለማስከበር እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ወታደር አሰማርታለች። በአስጋሪዎች ላይ ግፍ ተፈጽሟል የሚል ብርቱ አቤቱታ መከተሉም አልቀረም። ከዚህ ልንማር የሚገባን ልኩን እንጂ ዱላውን መዋስ እንደሌለብን ነው።

የእኛ አገር ሰው ለደንብ መገዛት አያውቅም የሚለውን አባባል ፈጽሞ አንቀበልም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በተቆጣ ወጣት ፊት ተንበርክከው ሊፈስ የነበረውን ደም እንዳስቆሙ አገር ሁሉ አይቷል። ያን ቀን ወጣቱን የመለሰው ፍርሃት አልነበረም፤ ሁሉም የእኔ ነው የሚለው ሥርዓት እንጂ። በደጋው የጋሞ ማኅበረሰብ ሰው በዱቡሻ ተሰብስቦ የጋራ ጉዳዩን ሲመክርና ሲወስን ኖሯል። ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሰዎች የጋራ ሀብታቸውን ራሳቸው ባወጡት ደንብ ለረጅም ዘመን መጠበቅ እንደሚችሉ በማሳየታቸው ነበር። በዱቡሻ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም።

ምን ይደረግ?

ከላይ ከተባለው በመነሣት አምስት ነገሮችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ለአንድ ሐይቅ አንድ መዝገብ ይኑር። ፈቃዱን የሚሰጡት አካላት ቢለያዩም የመረቦቹ ቁጥር በአንድ ቦታ ይደመር፤ ጣሪያውም ለመላው ሐይቅ ይወሰን።

ሁለተኛ፣ በፈቃዱ ላይ የአስጋሪው ስም ብቻ ሳይሆን የመረቡ ቁጥር፣ የዓይኑ ስፋትና የክሩ ዓይነት ይጻፍ። በእያንዳንዱ መረብ ላይ የማኅበሩ ምልክት ይታሰር። ያን ጊዜ ምልክት የሌለው መረብ የማን እንደሆነ መከራከር አያስፈልግም፤ ተበጥሶ የጠፋም በቀላሉ ይታወቃል።

ሦስተኛ፣ በየማራገፊያው ቦታ ሚዛንና መለኪያ ሰሌዳ ይቀመጥ። ሁሉን ዓሣ መለካት አያስፈልግም፤ ከየጀልባው በዕጣ ጥቂቱን መለካት ይበቃል። ይህን ሥራ የተማሪዎቻችን የመመረቂያ ጥናት አካል ማድረግ ይቻላል። ዩኒቨርሲቲ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ የሌላ አገር ሐይቅ መረጃ ከመጽሐፍ ቢያስተምር ለትዝብት ይዳርገዋል።

አራተኛ፣ የፓርኩ ውኃ የዓሣው መጠለያ መሆኑ በአስጋሪው ዘንድ ይታወቅ። ጫሞ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ ዓሣው ከመረብ የሚሸሸግበት ጥልቀት የለውም። ወንዱ ቆሮሶ ጎጆውን የሚቆፍረው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው፤ ሴቷም እንቁላሏንና ጫጩቷን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። ዳርቻው በሚጎተት መረብ ከተጠረገ ጎጆውም ይፈርሳል፤ አንዲት እናት ስትያዝም ቤተሰቡ በሙሉ ይያዛል። ስለዚህ የቁልፎ ወንዝ አፍና የአዞ ገበያ አካባቢ መጠበቁ ለአዞና ለጎብኚ ሲባል ብቻ አይደለም፤ በውጭ ለሚያሰግረው ሰው የነገ ዘር የሚበቅልበት እርሻ ስለሆነም ነው። የሚዘጋበት ወቅት ሲወሰንም ከሐዋሳ ወይም ከጣና ሳይቀዳ ከራሱ ከጫሞ ዓሣ እንቁላል ተጠንቶ ይወሰን።

አምስተኛ፣ ቁጥጥሩ ከውኃው ላይ ወደ ገበያው ይምጣ። መረብ ከአስጋሪው ቀምቶ ማቃጠል ጭስ ያሳያል እንጂ ሱቅ የሚሸጠውን መረብ አያስቀርም። በሌሊት ሐይቅ ላይ አንድን ጀልባ ማሳደድ አደገኛም ውድም ነው። በቀን ብርሃን በመደብር ያለውን የመረብ ዓይን በማስመሪያ መለካት፣ ወደ ሆቴል የሚገባውን ዓሣ ከማኅበሩ ደረሰኝ ጋር ማመሳከር ግን በጥቂት ሰዎች የሚሠራ ነው። በዐቢይ ጾም የዓሣ ፍላጎት ሲጨምር ይህ ቁጥጥር ይበልጥ ይጠብቅ። ፊሌቶ ሆኖ የመጣ ዓሣ ርዝመቱ ስለማይታወቅ ዓሣው ሙሉ እንደሆነ እስከ ማራገፊያው ይድረስ።

እነዚህ ነገሮች ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። ማስመሪያ፣ ሚዛን፣ መዝገብና መተማመን ይበቃሉ። ከአራቱ በገበያ የማይገዛው መተማመኑ ነው፤ እርሱም የሚገኘው አስጋሪው የሰጠው ቁጥር ተመልሶ ሲነገረው ነው። በየሦስት ወሩ የማኅበራቱ አባላት፣ የፓርኩ ባልደረቦች፣ የዞኑ ባለሙያዎችና የዩኒቨርሲቲው መምህራን እንደ ዱቡሻ ሥርዓት በአንድ ጥላ ሥር ተቀምጠው «በዚህ ሩብ ዓመት በአንድ መረብ ስንት ኪሎ ወጣ?» ብለው ቢነጋገሩ፣ ጣሪያውን ዝቅ ወይም ከፍ የማድረጉ ውሳኔ የማንም ሹም ትእዛዝ ሳይሆን የሁሉም ድምዳሜ ይሆናል።

ሐይቁ ራሱ አይናገርም። የሚናገርለት ቁጥሩ ነው፤ ቁጥሩን የሚያመጣው ደግሞ በደንብ የተጻፈ ፈቃድ ነው። ስለዚህ የሚመለከታቸው አካላት የሚቀጥለውን የማስገር ፈቃድ ከማተማቸው በፊት ከቴምብሩ ቀጥሎ ሦስት ባዶ መስመሮች እንዲጨምሩበት እንጠይቃለን፦ ስንት መረብ፣ በስንት ዓይን፣ ስንት ሌሊት።